ኦሬንጅና የማሲንቆዋ ቆዳ

ተረት ተረት!

«የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት ላም የለውም፣ ላሚቷ ለሠርጉ ታርዳለች። «የጃርት ጉድጓድ» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲህ ስሙ።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ የዝንጀሮ መቀመጫ ጠጉራም በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ማሲንቆ ነበረች። ማሲንቆ ከመሆኗ በፊት ፍየል ነበረች። ታረደች፣ ቆዳዋ ተፋቀ፣ እንጨት ላይ ተወጠረ፣ ከፈረስ ጭራ ክር ተደረገላት፣ በዚያም ክር መናገር ጀመረች። «ፍየል ሳለሁ እንዲህ ያለ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ ማን ይደፍረኝ ነበር?» ትል ነበር።

ጌታዋ አዝማሪ ዝንጀሮ ነው። ድምፀ መረዋ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ጉረኛም ነው። አንድ ብርሌ ጠጅ ሲጠጣ ይዘፍናል፣ ሁለት ሲጠጣ ይፎክራል፣ ሦስት ሲጠጣ ይምላል። ክፋቱ፣ ሲምል በራሱ ነገር አይምልም።

አንድ ቀን ባላምባራስ ጃርት ልጃቸውን ዳሩ። ከጉድጓዳቸው ደጃፍ ዳስ ጣሉ፣ የጃርት ዘር በሙሉ መጣ። ጃርቶች ሲሳሳሙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሩቅ ነው። አንዱ ከወዲህ «እም!» ይላል፣ ሌላው ከወዲያ «እም!» ይላል፣ በቃ ተሳሳሙ። ማጨብጨብም አይሆንላቸውም፤ ክንዳቸውን ሲያነሡ ጎረቤት ይወጋሉ። ስለዚህ በጃርት ሠርግ አዝማሪ ቤት ሲመታ፣ ሠርገኛው እሾሁን ያንኮሻኩሻል። ሿ! ሿ! ሿ! እሾህ ከተንኮሻኮሸ ግጥሙ ገጥሟል፤ እሾህ ዝም ካለ አዝማሪው አፍሯል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሥርዓታቸው ነው።

ከእንግዶቹ መካከል አያ ጅቦ አለ። ማንም አልጠራውም። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው እሱ አይደል? ከማሲንቆዋ ፊት ለፊት ተቀመጠና ያያት ጀመር።

«እመት ማሲንቆ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«አንተ እያየኸኝ እንደምን እውላለሁ?»

«ኧረ እኔ ምንም! እንዲያው ቆዳሽ ሲያምር ብዬ ነው።»

በቀቀንም አለ። በቀቀን ከተማ ውስጥ አንድ ጁስ ቤት ደጃፍ ላይ፣ በሽቦ ጎጆ ተሰቅሎ የኖረ ነው። በዚያ ዘመን ጁስ ቤት ነበረ ወይ ብላችሁ አታቋርጡኝ፤ በተረት አገር ቀደም ብሎ ነው የተከፈተው። ታዲያ በቀቀን ከከተማ ሲመለስ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ መጣ። አንድ ብቻ! ግን ኩራቱን አትጠይቁኝ። ቃሏ እንዳትወድቅበት ይመስል አንገቱን እንኳ አያዞርም።

ዝንጀሮ ሦስተኛውን ብርሌ ጨለጠና ደረቱን መታ።

«ቤት የሚያሳጣኝ ቃል ያለው ማን ነው? ጣሉልኝ! ያልገጠምኩለት እንደሆነ፣ የማሲንቆዬን ቆዳ አያ ጅቦ ይብላው!»

«ምን አልክ?» አለች ማሲንቆዋ።

«ጥሩ ነው የተናገረው» አለ ጅብ።

«አንተ ዝንጀሮ፣ እኔ አንዴ ታርጃለሁ፣ ይበቃኛል!»

«አይዞሽ እመቤቴ፣ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታው ያንተ፣ ቆዳው የኔ! ይኼ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

ግን በሠርግ የተማለ መሐላ አይታጠፍም። ባላምባራስ «ሰምተናል» አሉ፣ አለቀ።

በቀቀን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኦሬንጅ!»

«ምን አለ?» ተባባሉ ሠርገኞቹ።

«እንግሊዝኛ ነው» አለ በቀቀን። «ደግሞ ልንገራችሁ፤ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ቤት መምቻ ፈልገው፣ ፈልገው፣ ፈልገው አጥተውለታል። ባለቅኔዎቻቸው አርጅተውበታል።»

ዝንጀሮ ኦሬንጅ ምን እንደሆነ አያውቅም። እንዳይጠይቅ፣ አላዋቂ እንዳይባል ፈራ። «ሹመት መሆን አለበት» ብሎ ገመተና ማሲንቆዋን ገዘገዘ፤

«እንኳን ደስ ያለህ ጃርት፣ የሰፈሩ ኦሬንጅ፣
ደግሰህ ዳርክልን፣ ያቺን እሾሃም ልጅ።»

እሾሆቹ ሿ ሊሉ ሲሉ፣ በቀቀን ምንቃሩን አጣመመ።

«ልጅ? ልጅ ቀረብ ብሏል እንጂ አልገባም።»

ተነሥተው የነበሩት እሾሆች ሁሉ ተመልሰው ተኙ። የከተማ ወፍ ነዋ! ሠርገኛው ጆሮውን ትቶ የበቀቀንን አፍ ያይ ጀመር። ጅብም ጠጋ አለ።

ዝንጀሮ «ሹመት ካልሆነ አገር ይሆናል» አለ በልቡ፤

«ተሻግሬ መጣሁ፣ ከዚያ ማዶ ኦሬንጅ፣
ጠላ ቅዱልኝማ፣ ቆሜያለሁ ከደጅ።»

«ደጅ?» አለ በቀቀን። «ደጅ ድረስ መጥቷል እንጂ አልገባም።»

እሾሁ ተኛ። ጅብ ይበልጥ ጠጋ አለና ከንፈሩን ላሰ።

ዝንጀሮን ላብ አጠመቀው። «እንዲህ የሚያስጨንቀኝስ በሽታ ቢሆን ነው» አለ፤

«ሌሊት ያንገላታኝ፣ ያ ጨካኙ ኦሬንጅ፣
መድኃኒት የለውም፣ ካላሻሸው ወዳጅ።»

«ወዳጅ? ዘመድ ይመስላል፣ ግን አይደለም» አለ በቀቀን። «አልነገርኳችሁም? ቤት የለውም!»

እሾሁ አሁንም ተኛ። የጅብ ምራቅ ማሲንቆዋ ላይ ጠብ አለ። ማሲንቆዋ ፈራች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክሯ እስኪንቀጠቀጥ ፈራች። ዳግመኛ መሞት፣ ያውም በሰው ጉራ፣ ያውም ለማታውቀው ቃል! ጌታዋን አየችው፤ ጌታዋ ጣራ ጣራ ያያል። ያን ጊዜ ከራሷ በቀር ማንም እንደማያድናት ገባት።

«አያ ጅቦ፣ አንድ ጊዜ ጥርስህን ሰብስብልኝ። አቶ በቀቀንን የምጠይቀው አለኝ።»

«ጠይቂው፣ ግን አሳጥሪው። ሆዴ ጨዋታ አይወድም።»

«አቶ በቀቀን፣ ለዚህ ቃል ቤት መምቻ የለውም ብሎ የነገረህ ማን ነው?»

«የሚያውቅ ነው።»

«የሚያውቅማ እኛም አገር ሞልቷል። የምን አገር ሰው ነው?»

በቀቀን ላባውን ነፋ። ከከተማ ከተመለሰ ጀምሮ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሲጠብቅ ነበር።

«እንዲያው ዝም ብሎ ሰው መሰለሽ? ዓይኑ ሰማያዊ፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ጁስ ሊጠጣ የሚመጣ የቋንቋው ባለቤት! ፈረንጅ ነው ፈረንጅ!»

«አልሰማሁህም፣ ድገመው።»

«ፈረንጅ!»

«እስቲ ከቃልህ ጋር አድርገህ ድገምልኝ።»

«ኦሬንጅ… ፈረንጅ» አለ በቀቀን። ምንቃሩ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ማሲንቆዋ የዝንጀሮን እጅ አልጠበቀችም። ክሯን ራሷ ነዘረችው፤

«ቤት የለውም ብሎ፣ ያመጣብን ኦሬንጅ፣
ቤቱስ ካፉ ነበር፣ ያስተማረው ፈረንጅ!»

በዚህ ጊዜ የበቀቀንን አፍ ያየ የለም። ሿ! ሿ! ሿ! ባላምባራስ አንኮሻኮሹ፣ ሚዜዎቹ አንኮሻኮሹ፣ አሮጊቶቹ ያላቸውን ጥቂት እሾህ አንኮሻኮሹ። ሙሽራው ከደስታው ብዛት ራሱን ረሳና ሙሽራዋን እቅፍ አደረጋት። «ወይኔ!» አለች እሷ። «ወይኔ!» አለ እሱ።

«ለመሆኑ ይኼ ኦሬንጅ ምንድን ነው?» አሉ ባላምባራስ ጫጫታው ሲበርድ።

«ብርቱካን» አለ በቀቀን ዝግ ብሎ።

«ብርቱካን? ብርቱካንማ ጓሮዬ ወድቆ የሚያነሣው አጥቷል!»

ሁሉም ሳቀ። ያልሳቀው ጅብ ብቻ ነው።

«እኔስ?» አለ አያ ጅቦ እንባ ባቀረረ ዓይኑ። «ቆዳ ተብዬ ነበር። አፌን አዘጋጅቼ ምን ይዤ ልሂድ?»

ማሲንቆዋ አዘነችለት። አንዴ በሰው ፊት ቆዳ የተባለ ጅብ ባዶ አፉን አይሸኝም። ጌታዋ የተቀመጠበትን አየች። ለስላሳ የበግ አጎዛ ነው፣ የትም ሲሄድ ይዞት የሚዞረው።

«አያ ጅቦ፣ ከጌታዬ ሥር ያለውን አጎዛ ውሰድ።»

«እሱማ የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ ዝንጀሮ።

«ለዚህ ነዋ!» አለች ማሲንቆዋ።

ጅብ አጎዛውን ጎተተ። ዝንጀሮ ተንሸራተተና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያውም የጃርት ዳስ መሬት ላይ! ያ ሁሉ ሠርገኛ ያን ያህል ሲያንኮሻኩሽ ስንት እሾህ እንደረገፈ እናንተ ገምቱ። ዝንጀሮ እስከ ዳሱ ጣራ ዘለለ፣ ተመልሶም እዚያው ላይ ዐረፈ። እሾሁን ሲነቅሉለት ጠጉሩም አብሮ ተነቀለ። መቀመጫው እስከ ዛሬ መላጣ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህም፣ ሦስት ብርሌ ጠጥቶ መሐላ አፉ ላይ ሲመጣበት፣ አስቀድሞ ከኋላው በእጁ ይዳብሳል።

በሰው ቆዳ የማለ፣ በራሱ መቀመጫ ይከፍላል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌንም ዳቦ ካለቀባችሁ በብርቱካን አብሱ።