ያለ እንጨት የሚሞቀው ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቀበሮ ፍል ውሃው ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ በቅጠል ጠቅልሎ ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚው እንዲሰማውም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ያለ እንጨት የሚሞቅ ድንጋይ ሠርቻለሁ። ከእንግዲህ ጭስ የለ፣ ለቀማ የለ» ይል ጀመር።

ይህን የሰማ አያ ጅቦ እየሮጠ መጣ። አያ ጅቦ ጠብታ ዝናብ የማያስገባ፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ተጠጋግተው የሚተኙበት ዋሻ ነበረው። ከዚያ በቀር ሌላ ሀብት አልነበረውም።

«እስኪ ልንካው» አለና ነካው። እውነትም ይፋጃል። አያ ጅቦ ግን ቀበሮ ድንጋዩን ያን ዕለት ጠዋት ከፍል ውሃው ውስጥ ማውጣቱን አላወቀም፤ ለመጠየቅም አላሰበም።

«ይሄማ ጉድ ነው። ሽጥልኝ።»

«የምሸጠው ፈቃዱን ነው» አለ ቀበሮ። «በቆላም በደጋም ይህን ድንጋይ የምታከፋፍለው አንተ ብቻ ትሆናለህ። የበረደው ሁሉ ደጃፍህ ይሰለፋል። ባዶ እጁን የሚመጣ ደግሞ የለም።»

አያ ጅቦ አጥንት ይዞ የተሰለፈውን እንስሳ ሁሉ በዓይነ ሕሊናው አየና ምራቁን ዋጠ።

«ምን ልስጥህ?»

«ዋሻህን።»

ይሄኔ እንጨት ተሸክማ የምታልፍ እመት አህዪት ቆመች። ጅብ ባለበት መቆም ለጤናዋ እንደማይበጅ ታውቃለች፤ ቢሆንም ዝም ማለት አልሆነላትም። በአጠገባቸው ከሚፈሰው ወንዝ ማዶ ሆና፣ «አያ ጅቦ፣ ገበሬ እኮ በሬ ሲገዛ መጀመሪያ ጠምዶ ያየዋል። አንተም ድንጋዩን ቤትህ ወስደህ ሁለት ቀን አቆየውና ከዚያ ተዋዋል» አለችው።

ቀበሮ ወደ መንገዱ አሻግሮ እያየ፣ «ነብርም ፈልጎታል፤ አሁን ይደርሳል። ለእሱ ብሰጠው ይሻለኛል መሰለኝ» አለ።

አያ ጅቦ ደነገጠ። «አንቺ እንጨትሽን ተሸከሚ፤ ስለ አዲስ ነገር ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ አምባረቀባትና እግሩን ጭቃ ነክሮ ቀበሮ ባቀረበለት ውል ላይ አተመ። ድንጋዩንም ለናሙና ተረከበ።

መንገድ ላይ ድንጋዩ ቀዘቀዘ። በሳምንቱ ዝናቡ ሲጀምር እነ አያ ጅቦ ዛፍ ሥር ተኮራምተው ነበር። ሚዳቋና ከርከሮ መጥተው ድንጋዩን ዳሰሱና እየሳቁ ሄዱ። ሚስቱ፣ «የልጆቼን ቤት በዚህ ለወጥከው?» ብላ አለቀሰች። አያ ጅቦ አፈረ፤ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ቀበሮ ዘንድ ቢሄድ፣ ቀበሮ ዋሻው ውስጥ ተጋድሞ፣ «እኔ ፈቃድ ሸጥኩልህ እንጂ ሙቀት መች ሸጥኩልህ? ሥራው ገና ሙከራ ላይ ነው። ለከርሞ ይደርሳል» አለው።

ጅብ ለአንበሳ አቤት አለ። አንበሳም ሁለቱን አስጠርቶ ቀበሮን ጠየቀው።

«ድንጋይህ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

አይሠራም ቢል አታላይ ሊባል ነው። «ይሠራል ጌታዬ፤ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለ።

«ሜዳ ላይም ያሞቃል?»

«ያሞቃል እንጂ፣ የትም ያሞቃል።»

«እንግዲያው ዋሻ ምን ያደርግልሃል? ድንጋይህን ከጅብ ተቀብለህ ኮረብታው ላይ ውጣና ክረምቱን እዚያው ከርመህ አሳየን። እስኪሞቅልህ ድረስ ዋሻው የጅብ ይሁን።»

እነ አያ ጅቦ በዚያው ቀን ቤታቸው ገቡ። ቀበሮ ኮረብታው ላይ ድንጋዩን አቅፎ እያነጠሰ ከረመ። አያ ጅቦ ግን አልተማረም። በየጠዋቱ ከዋሻው ደጅ ቆሞ፣ «ሞቀ እንዴ? ፈቃዱ እኮ የእኔ ነው» እያለ ይጣራል። ቀበሮም እየተንቀጠቀጠ፣ «እየጀመረው ነው» ይለዋል። ይሄኔ የአያ ጅቦ ሚስት የባሏን ጆሮ ይዛ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ ነገር ሲያቀርቡልን ሻጩ በሌለበት፣ በገዛ ቤታችን ሞክረን ሳናየው የምንኖርበትን አሳልፈን መስጠት እንደሌለብን ነው።