ቤንዚን ያለቀባት ትንሿ መኪናና ሙሽራዋ

እኔ «ተረት ተረት» ስል እናንተ «የመኪና በረት» በሉኝ።

በአንዲት ዳገታማ ከተማ ጌጤነሽ የምትባል መምህርት ነበረች። አንዲት ልጅና አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ነበሯት። ልጇ ፍሬገነት በሠርጓ ቀን አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት።

«እማዬ፣ ትምህርት ቤት ያመላለስሽኝ በዚህች መኪና ነው። ለጋብቻው ፊርማም ማዘጋጃ ቤት በእሷው ውሰጂኝ።»

ጌጤነሽ ቁልፉን ብታዞር መኪናዋ እህ እህ ብላ ዝም አለች። ቤንዚኗ አልቋል። ወደ ማደያ በእግሯ ሮጠች።

«ቤንዚን ከጠፋ ሦስት ቀኑ። ያለው ናፍጣ ነው» አላት ቀጂው።

«ናፍጣም ቢሆን ስጠኝ!»

«ኧረ መምህር! የእርስዎ ሞተር እኮ አንድ ሺህ ሲሲ ነው፤ እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና በቤንዚን ነው የምትሠራው። ናፍጣ ካጠጧት ትበላሻለች። ናፍጣ የሚጠጣው እንደ ጋሽ ደርብ መኪና ያለው፣ ባለ ትልቅ ሞተሩ ነው።»

ቤንዚን ከሌለ ትንሿ አትነሳም፤ ትንሿ ካልተነሳች ሙሽራዋ አትሄድም።

ጌጤነሽ ወደ ጎረቤቷ ወደ ጋሽ ደርብ ሄደች። «ጋሽ ደርብ፣ በእርስዎ መኪና ይጎትቱልኝ!»

«ደስ ባለኝ! ታንኩ በናፍጣ ጢም ብሏል። ግን ባትሪው ሞቶ ባትሪ ሠሪው ሙዘይን ጋ ቻርጅ ሊደረግ ሄዷል።»

«የእኔን ባትሪ ይውሰዱዋ!»

ጋሽ ደርብ ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ሦስት ሺህ ሲሲ የናፍጣ ሞተር ነው። የአንቺ ባትሪ ቁርሱም አይሆን።»

ባትሪው ካልመጣ ትልቁ አይነሳም፤ ትልቁ ካልተነሳ ትንሿ አትጎተትም፤ ትንሿ ካልተጎተተች ሙሽራዋ አትሄድም።

ወደ ሙዘይን ሱቅ በረረች። በጠባቡ በር ላይ አንዲት ባለ ረጅም ቀንድ ላም ተጋድማ ታመነዥጋለች።

«ባትሪው ሞልቷል» አለ ሙዘይን ከውስጥ ሆኖ። «እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ታግቻለሁ። ገፋኋት፣ ለመንኳት፣ ጎመን ሰጠኋት። ጎመኑን በልታ ተመልሳ ተኛች! የእማማ የሺመቤት ላም ናት፤ ከእሳቸው ድምፅ በቀር ለማንም አትነሳም።»

ላሟ ካልተነሳች ባትሪው አይወጣም፤ ባትሪው ካልወጣ ትልቁ አይነሳም፤ ትልቁ ካልተነሳ ትንሿ አትጎተትም፤ ትንሿ ካልተጎተተች ሙሽራዋ አትሄድም።

እማማ የሺመቤት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጌጤነሽን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«ሠርግ አለ ሲሉ ሰማሁ» አሉ።

«እማማ፣ በስልክ መልእክት ልከንልዎት ነበር እኮ!»

«ስልክ ነው የሚድረው? ፍሬገነት ስትወለድ መጀመሪያ የታቀፍኳት እኔ ነኝ። ራሷ መጥታ ካልጠራችኝ ከዚህች ንቅንቅ አልልም።»

ፍሬገነት ካልጠራች እማማ አይመጡም፤ እማማ ካልመጡ ላሟ አትነሳም፤ ላሟ ካልተነሳች ባትሪው አይወጣም፤ ባትሪው ካልወጣ ትልቁ አይነሳም፤ ትልቁ ካልተነሳ ትንሿ አትጎተትም፤ ትንሿ ካልተጎተተች ሙሽራዋ አትሄድም።

ለፊርማው ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ሙሽራው «የት ደረሳችሁ?» እያለ ሦስት ጊዜ ደውሏል። ጌጤነሽ እያለከለከች ቤት ደርሳ ለልጇ ነገረቻት። ፍሬገነት ፊቷ ቀላ።

«እማማን በስልክ? ምን ነካኝ!» አለችና ቬሎዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ በነጠላ ጫማ ቁልቁል ሮጠች። እማማ እግር ሥር ወድቃ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ። ያለ እርስዎ አልፈርምም።»

እማማ አንድ ጊዜ አለቀሱ፤ አንድ ጊዜ ሳቁ። «ተነሽ፣ ልብስሽ ቆሸሸ! ነጠላዬን አቀብይኝ!» አሉ።

ፍሬገነት ጠራች፣ እማማ መጡ። እማማ «ወርቂት!» ብለው ተጣሩ፣ ላሟ ተነሳች። ላሟ ተነሳች፣ ባትሪው ወጣ። ባትሪው ወጣ፣ ትልቁ ጉርርር ብሎ ተነሳ። ትልቁ ተነሳ፣ ገመዱ ታሰረ። ገመዱ ታሰረ፣ ትንሿ ተጎተተች። ትንሿ ተጎተተች፣ ሙሽራዋ ሄደች!

ዳገቱ አናት ላይ ጋሽ ደርብ ቆሙና ገመዱን ፈቱ። «ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ሙሽራ ተጎትታ አትገባም፤ በራሷ ትግባ» አሉ።

እናት መሪውን ይዛ፣ እግሯን ፍሬኑ ላይ አድርጋ፣ ልጅ ከጎኗ፣ እማማ ከኋላ ሆነው፣ ቀይዋ መኪና ቀስ ብላ ተንሸራተተች። የሞተር ድምፅ አልነበረም፤ እልልታው ብቻ ቀድሟቸው ደረሰ።

«የሙሽራዋ ምስክር ማን ናቸው?» አለች የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ።

«እኔ ነኛ!» አሉ እማማ የሺመቤት፤ አውራ ጣታቸውን ሰማያዊው ቀለም ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ ድም አደረጉት።

ተረቴን መልሱ፣ ታንኬን በቤንዚን ሙሉልኝ።