የቁልቁለቱ በርበሬ

ጭነት ማለት በበቅሎ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ተመዛዝኖ በመጫኛ የሚታሰር፣ በቅሎዋን ከሚስበው ሰው በቀር መንገደኛው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው።

የኔታ ልሳኑ ይህን ፍቺ የሰጡት ሳይጠየቁ ነው። ትርንጎ የጠየቀቻቸው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ትርንጎ በገበያው ዳር ዳቦ ቤት አላት። ፊደል የቆጠረችው እሳቸው ዘንድ ስለሆነ፣ ዛሬም ነገር ሲከብዳት ወደ እሳቸው ትመጣለች። የዚያን ቀን የመጣችው ዳቦዋ ሳይሸጥ የሚያድርበት ምክንያት ስላልገባት ነው። ዱቄት ቀይራ፣ እርሾ ቀይራ፣ ጋጋሪም ቀይራ አይታዋለች፤ ዳቦው እንደሆነ ማደሩን አልተወም። በዚህ መሀል አምስት የከተማው ነጋዴዎች፣ ባለ ጋራዡ፣ ባለ ወፍጮውና ሌሎች ሦስት፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ማታ ተሰብስበው በየተራ የሥራቸውን ችግር ያወራሉ፤ እሷንም «ይምጡ፣ አብረውን ይቀመጡ» ብለዋታል።

«ታዲያ ምን ያዘሽ?» አሏት የኔታ።

«ገመናዬን ሰው ፊት ልዘርግፍ እንዴ፣ የኔታ? ደግሞስ ባለ ጋራዥ ስለ ዳቦ ምን ያውቃል? የሚያውቀው ጎማ ነው። ከእኔ የማይሻሉ ሰዎች ምን ብለው ይመክሩኛል?»

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭነት ምን ማለት እንደሆነ ነገሯት። ትርንጎ ከዳቦ ወደ በቅሎ እንዴት እንደተሻገሩ አልገባትም፤ ግን አመላቸውን ታውቃለች። እሳቸውም ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ በርበሬ ይነግዳል። ከወንዝ ወዲህ ዛላ በርበሬ ይገዛና በአቁማዳ ጠቅጥቆ፣ በበቅሎ ጭኖ፣ ከወንዝ ማዶ ባለው ገበያ ይሸጣል። በመካከሉ የግማሽ ቀን ቁልቁለት አለ። በዚያ ዘመን ብቻውን የሚጓዝ ነጋዴ አልነበረም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው በቅሎው ስትወድቅ ብቻውን ያነሣታል፤ ይህን ሁለት ጊዜ የሞከረ የለም። ስለዚህ ባለ ማሩ፣ ባለ ጨዉ፣ ባለ ቆዳውና ባለ በርበሬው ተጠባብቀው በአንድ ቀን ይነሡ ነበር።

ሜዳ ላይ ነጋዴ በቅሎውን ከኋላ ሆኖ ይነዳል፤ ጭነቱን ያየዋል። ቁልቁለቱ ላይ ግን መንገዱ ስለሚጠብ እያንዳንዱ ገመዱን ይዞ ከፊት ይስባል። ጭነት የሚላላው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። እንግዲህ ሰው ጭነቱን አጥብቆ ማየት በሚገባው ሰዓት ጀርባውን ሰጥቶት ይሄዳል ማለት ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ የተጻፈ የለም።

ነጋዴዎቹ ግን መላ ነበራቸው። ሁሉም የራሱን ባያይ ከፊቱ ያለውን ያያል። «ያዝ! ግራህ አዘመመ!» ብሎ ይጮሃል። የተጮኸበት ይቆማል፣ መጫኛውን ያጠብቃል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ማንም ማንንም አያመሰግንም፤ እሱም በተራው ከፊቱ ላለው ይጮሃልና።

ባለ በርበሬው ሁልጊዜ የሚሰለፈው መጨረሻ ላይ ነበር። ምን ያህል እንደጫነ፣ የትኛውን ዓይነት እንደያዘ ገበያ ሳይደርስ ሰው እንዲያይበት አይወድም። ከመጨረሻ ሆኖ ደግሞ የሁሉም ጭነት ይታየዋል። እንደ እሱ ቶሎ የሚያይ፣ እንደ እሱ የሚጮህ አልነበረም። «ባለ ጨው፣ ምን እያየህ ነው? ጭነትህ ሊተኛ ነው እኮ!» ይላል። «ይሄ ቋጠሮ ነው? ከዚህስ እናቴ አሳምራ ታስር ነበር!» ይላል። ምክሩም ትክክል ነበር። ሁሉም ያከብሩት ነበር፤ ትንሽም ይሰለቹት ነበር።

ችግሩ፣ ገበያ ሲደርስ የእሱ አቁማዳ ከሁሉም ይበልጥ ጎድሎ መገኘቱ ነው። አንድ ዓመት ጎደለ፤ ጫኙን ጠርጥሮ አባረረው። በሁለተኛው ዓመት ጎደለ፤ ከፊቱ የሚሄደውን ባለ ማር ጠርጥሮ፣ በሰው ፊት «ሌባ» አለው። ከኋላው ሰው ሳይኖር ከፊቱ ያለ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚሰርቀው አልተናገረም። በሦስተኛው ዓመትም ጎደለ። ጉድለቱን ለመሸፈን በየዓመቱ በቅሎ እየሸጠ፣ ስድስት የነበሩት ሁለት ቀሩ።

ሰው አላማከረም አይባልም። አዲሱን ጫኝ ጠየቀው፤ «ጌታዬ፣ የእርስዎን የመሰለ አስተሳሰር የትም አላየሁም» አለው፤ የቀድሞው ጫኝ እንዴት እንደወጣ ሰምቷልና። የነፍስ አባቱን ጠየቃቸው፤ ጹም አሉት። ጾመ። አቁማዳውም አብሮት ጎደለ። ሚስቱ ግን ሳትጠየቅ፣ የብር ድሪዋን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችውና፣ «የዘንድሮውን በርበሬ በዚህ ግዛ። ከዚህ ወዲያ የምሸጠው የለኝም። ዘንድሮም እንደ አምናው ከተመለስክ፣ ለከርሞ አቁማዳውን የምትሸከመው አንተ ነህ» አለችው።

ዝናቡ ከሌላው ዓመት የበረታበት ክረምት አለፈ። ወንዙ ጎደለ። በጥቅምት ነጋዴዎቹ ተሰብስበው ተነሡ፤ ባለ በርበሬውም እንደ ልማዱ መጨረሻ ላይ ሆነ። ከቁልቁለቱ እኩሌታ፣ ከገደሉ ግድግዳ ወደ መንገዱ የወጣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበረ። እዚያ ሲደርሱ ከፊት ያለው ባለ ጨው በድንገት ቆመ።

«ኧረ ጉድ ነው! ኑ እዩ፣ በርበሬ!»

እውነትም በርበሬ ነበር። ከድንጋዩ ሥር ጀምሮ፣ በመንገዱ የግራ ጠርዝ፣ እንደ ክር በቀጠነ አንድ ረድፍ፣ ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ። ክረምቱን ሙሉ መንገደኛ ስላልነበረ ያለ ከልካይ አድጎ ፍሬ ይዟል።

«እዚህ ገደል ላይ የሚያርስ ማነው?» አለ ባለ ቆዳው።

«በሬ አጥቶ በበቅሎ ያረሰ ይሆናል!» አለ ባለ ጨው።

«ደግ ሰው ነው መቼም፤ ለዝንጀሮ ዘርቶላት ሄዷል» አለ ባለ ማሩ። ሳቁ ገደሉን ሞላው።

በርበሬ የሚጭነው ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌሎቹ ይህን እስኪያስታውሱ ጥቂት ቆዩ። ባለ በርበሬው ግን ወዲያው ገባው። በቅሎው ያንን ድንጋይ ስታልፍ የግራው አቁማዳ ይታከከዋል፣ ይዘነበላል፣ አፉም ይከፈታል። ከዚያ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ በርበሬው ይንጠባጠባል። ሜዳው ላይ ሲደርስ፣ እሱ ዞሮ በሚያይበት ሰዓት፣ አቁማዳው ተመልሶ ይስተካከላል። ሦስት ዓመት ሌባ ሲፈልግ ሦስት ዓመት ዘርቷል።

«ሲመለስ የወደቀውን አያየውም ነበር?» ብላ ትርንጎ አቋረጠቻቸው።

«የወደቀውን ዛላ መንገደኛ ይለቅመዋል፤ ፍሬው በሰኮና ተረግጦ አፈር ይገባል። ምስጋና ይግባውና አፈር ምስጢር አይችልም» አሉ የኔታ፤ ቀጠሉም።

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሁሉም ዞረው አዩት። ሰውዬው ሁለት ነገር ማድረግ ይችል ነበር። አንደኛው፣ ያልገባው መስሎ አብሮ መሳቅ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይመርጣል። እሱ ግን የሚስቱ ባዶ አንገት ትዝ አለው። በቅሎዎቹን ከድንጋዩ በላይ አቁሞ ተጣራ።

«አንተ ባለ ማር!»

«ደግሞ ምን ጠፋብህ?»

«ከኋላዬ ሂድልኝ።»

«እኔ? ሌባው?»

«አንተ። ሌባ አይደለህም፤ በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት አነሣሁ። ከኋላዬ ሁንና ጭነቴን እይልኝ።»

«ከኋላህ ሆኜ ብሰርቅህስ?»

«ለሌባ የተረፈኝ የለም፤ ገደሉ ቀድሞሃል።»

ባለ ማሩ በቅሎውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አሳለፈው። ባለ በርበሬው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላው ሰው አስከትሎ ወረደ። ጀርባው ራቁቱን የቀረ መሰለው። ድንጋዩን አልፎ ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ፣ «ያዝ! የግራው አፉን ከፈተ!» የሚል ድምፅ ሰማ።

ይህን ቃል እሱ በሰው ላይ ሺህ ጊዜ ጮኾታል፤ እንዲህ እንደሚያቃጥል ግን አያውቅም ነበር። አፉ «አርፈህ መንገድህን ሂድ» ሊል ተከፈተ። እጁ ግን ቀድሞ በቅሎዋን አቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ አየ። አቁማዳው አፉን ከፍቷል። አሰረው። እስከ ወንዙ ድረስ አራት ጊዜ ተጮኸበት፤ አራት ጊዜ ቆሞ አሰረ። ገበያ የገባው እንደጫነ ነው። በዚያ ዓመት በቅሎ አልሸጠም፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ገዛ፤ ድሪውም ወደ ሚስቱ አንገት ተመለሰ።

አሁን ግን መጨረሻ የቀረው ባለ ማሩ ነው። የእሱንስ ጭነት ማን ይይለት? ሰልፍ ካለ መጨረሻ አይጠፋም። ነጋዴዎቹ ተመካክረው፣ መንገዱ ሰፋ በሚልበት ሁሉ መጨረሻ ያለው ወደ ፊት እንዲያልፍ ተስማሙ። ማረፊያ ሲደርሱ ደግሞ ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ያየ ያየውን ይናገራል። ክብ ላይ መጨረሻ የሚባል ቦታ የለም።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያ ባለ በርበሬ አንቺ ነሽ። ዳቦ ቤትሽ ጭነትሽ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ገመዱን ይዘሽ ትስቢያለሽ፣ ዞረሽ ለማየት ጊዜ የለሽም። ሐሙስ የሚቀመጡት ሰዎች ሰልፉ ናቸው። ባለ ማሩ ስለ በርበሬ ምንም አያውቅም ነበር። ያየለት ከእሱ ስለሚሻል አይደለም፤ ከኋላው ስለቆመ ነው። ሠራተኞችሽን ብትጠይቂ ደመወዛቸውን እያሰቡ ይመልሱልሻል። እኔን ብትጠይቂ ምሳሌ እነግርሻለሁ። በቅሎ ስቦ የሚያውቅ ሰው ግን፣ የሳበው ማርም ይሁን ጎማ፣ ያዘመመ ጭነት ሲያይ ያውቀዋል። አንቺም ለእሱ ታዪለታለሽ፤ ስለዚህ ውለታ የለበትም።»

«ገመናዬስ፣ የኔታ?»

«ገመናሽማ ከድንጋዩ እስከ ወንዙ ፍሬ ይዟል። ያላየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ትርንጎ ሐሙስ ሄደች። በመጀመሪያው ሐሙስ ባለ ወፍጮውን ለአንድ ሰዓት ያህል መክራ፣ ስለ ራሷ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ተመለሰች። በሁለተኛው ሐሙስ ተናገረች። ባለ ጋራዡ አዳምጦ ሲጨርስ ግራ ገባው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ዳቦ ቤትዎ ክፍት ነው እንዴ? እኔ እኮ የጠራንዎት ስለ ዘጉ መስሎኝ ነበር፤ ዳቦ የምገዛውም ዓመት ሙሉ ከላይኛው ሰፈር ነው!»

ባለ ወፍጮውም እንደዚያው መስሎት ነበር። ለዝንብ ብላ በበሩ ላይ የሰቀለችው ወፍራም መጋረጃ፣ ከመንገድ ለሚያይ ሰው ቤቱን የተዘጋ ያስመስለዋል። ትርንጎ ዓመቱን ሙሉ መጋረጃውን ያየችው ከውስጥ ነው።

በማግስቱ መጋረጃው ወረደ። ሰውም ገባ፤ ዝንብም ገባ።