የታሸው አንገት

አንድ ጉልበቱን የሚወድ ቀለም ቀቢ ነበረ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ሰፈር ውስጥ ወዳለች ጂም ይሄድና፣ በወተት ጣሳ ስሚንቶ ሞልተው የሠሩትን ክብደት ያነሳል። ሲያነሳ ግን ሁለት ትከሻው ጆሮው ሥር ይገባል። እንዲህ ሲያደርግ ዓመታት ቆየና አንገቱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ቀኝ እጁም ከጆሮው በላይ አልወጣ አለ። ጣሪያ መቀባት የማይችል ቀለም ቀቢ ማን ይቀጥራል? አሠሪው በጾሙ መግቢያ «እስከ ፋሲካ ካልተሻለህ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለው።

በየቀኑ አንገቱን ቅባት እየቀባ አሸው። ሕመሙ አልለቀቀውም። በመጨረሻ ተናዶ የጂሙን አሠልጣኝ፣ አንድ ሽማግሌ፣ «ጋሼ፣ ይሄን አንገቴን አንድ ነገር ያድርጉልኝ» አላቸው።

ሽማግሌው ሲያነሳ አዩትና «ትከሻህ ከጆሮህ ጋር ምን ሚስጥር አለው? በል አስቀምጠው ጣሳውን» አሉት። በሆዱ አስተኝተው ከሰፊው የትከሻ አጥንት ሥር ሁለት ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄን አጥንት ወደ ወገብህ ሳበው። አንገትህ እንዳያግዝህ።»

ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ። አጥንቱ ንቅንቅ አላለም።

«አርባ ኪሎ የማነሳ ሰው፣ በባዶ እጄ አስተኝተው ያሾፉብኛል እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌውም ጮኹበት። «የምታሾፈውስ አንተ! ትከሻህን መያዝ የነበረባቸው ጡንቻዎች እዚህ ናቸው። ተኝተዋል! አንገትህ የእነሱን ሥራ ደርቦ እየሠራ ነው የሚጮኸው። አንተ የሚሠራውን ታሻለህ፣ የተኛውን አትቀሰቅስም። ስድስት ሳምንት ክብደት የሚባል እንዳትነካ።»

እየተነጫነጨ አጥንቱን ወደ ታች መሳብ ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት አጥንቱ ከሽማግሌው ጣት ሥር ትንሽ ወረደ፤ አንገቱም ላላ አለ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቤቱ ገባ። ቤት ውስጥ አልጋ የያዘ አባት፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞችና ታላቅ እህታቸው እታለማሁ አሉ። ወንድሞቹ ኳስ ያያሉ። እታለማሁ አባቷን ብቻዋን ታገላብጣለች፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ገብቷል። አንገቷን አመማትና አቃሰተች።

ትንሹ ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሳ «አይዞሽ እትዬ! ቅባቱ መስኮቱ ላይ አለልሽ» አላት።

ቀለም ቀቢው ሊያቀብላት ቅባቱን አነሳ። እጁ ላይ እንደያዘው ደርቆ ቀረ። ከዚያ ሄዶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«ተነሱ!»

«አንተ ደግሞ ምን ነካህ? ፍጹም ቅጣት ምት እኮ ነው!»

«ተነሱ አልኳችሁ! ሦስት ወንድ ተኝተን እሷን እናሻለን? እኔም አብሬ ተኝቼ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ትንሹ ተቆጣ። «ከከበዳት ለምን አትነግረንም ታዲያ?»

እታለማሁ ቀና አለች። «ስጮህ ቅባት ገዛችሁልኝ» አለች።

ትንሹ ተነስቶ ወደ አባቱ አልጋ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታቸውን የሚያነሱት ወንዶቹ ሆኑ። መጀመሪያ ሰሞን እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ አጉረመረሙም፤ ተኝቶ የኖረ ጡንቻ ሲነሳ እንዲህ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ቀለም ቀቢው ጣሪያ ቀባ። እታለማሁም ትከሻዋን ከጆሮዋ አውርዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ወገኖቼ፣ ይሄ ነገር ያናድዳል። በየቤታችንና በየማኅበራችን አንድ ሰው የአምስት ሰው ሥራ ይሠራል። ደከመኝ ሲል «አይዞህ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ብለን እናሸዋለን። ጸሎት ላይ ቆመን እንኳ «ጌታ ሆይ፣ ብርታት ስጠው» እንላለን። ለእሱማ ሰጥቶታል! ሳንጠቀምበት የተኛንበት ለእኛ የሰጠው ነው።

እናንተ ቤት የሚታሸው ማን ነው? ሲያቃስት የሰማችሁት ጊዜስ፣ ተነሳችሁ ወይስ ቅባቱ ያለበትን አሳያችሁት?