ሰው የለም የተባለበት የጨው ሜዳ

አንድ ካርታ ሠሪ ከባሕር ማዶ መጣ። የአገሩ ንጉሥ "ባለቤት የሌለው መሬት ቀድሞ ያገኘው ሰው ንብረት ነው" የሚል ሕግ አውጥቶ ነበርና፣ ባለቤት የሌለው መሬት ፈልጎ በወረቀት እንዲያመጣለት ልኮታል። ካርታ ሠሪውም አራት ግመል ሙሉ ዕቃ፣ አንድ አስተርጓሚና አንድ የተጠቀለለ ባንዲራ ይዞ በአፋር በረሃ ወደሚገኝ የጨው ሜዳ ወረደ።

ወረደ ስል በእውነት ወረደ ነው፤ ሜዳው ከባሕር ወለል በታች ነው። አዋሽ የሚያህል ወንዝ እንኳ ከደጋ ሲንደረደር መጥቶ፣ የዚያን አገር ሙቀት ሲያይ ባሕር መግባቱን ትቶ ሐይቅ ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል። ሰይጣን ራሱ ሙቀቱ ሲብስበት ለመናፈስ ሲኦል ደርሶ ይመለሳል። ጨዉ ግን ጨው ነው! ስንት ትውልድ ቆርጦ በግመል ጭኖ የደጋውን ወጥ ሁሉ ሲያጣፍጥ፣ ሜዳው ጥፍሩ እንደተቆረጠ እንኳ አልተሰማውም።

ጨው ቆራጮቹ ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። መንገደኛ ሲመጣ ያስቀምጡታል፤ እሱም ያየውንና የሰማውን አንድ ሳያስቀር ይናገራል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ሰላም የሚለው አያገኝም። አስተርጓሚው ሳሌሕ የጠረፍ ሰው፣ የዚያው አገር ልጅ ነበር። ስለዚህ የጨው ቆራጮቹ ሽማግሌ ሎይታ አጠገቡ ቁጭ ሲሉ ማምለጫ አልነበረውም።

"እሺ ልጄ፣ ከወዲያ ምን አለ?"

"ሰላም ነው፣ አባቴ። ዝናብ የለም። ሦስት የሞቱ ግመሎች አየን። ሁለት ሠርግ በላን።"

"ይኼ ፊቱ የተቀቀለ ሰውዬስ ምንድን ነው የሚሞነጫጭረው?"

ሳሌሕ ወደ ፈረንጁ አየ፤ ወደ ግመሎቹም አየ። የሚያድነው አልነበረም።

"ካርታ ነው። ሜዳችሁን ሥሎ መሐሉ ላይ 'ባዶ፤ ሰው የለም' ብሎ ጽፏል። ሰው ከሌለ ጨዉ የንጉሡ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ባንዲራውን ይተክላል።"

መቶ ጨው ቆራጭ መጥረቢያውን ይዞ ብድግ አለ። አንዱ ጎረምሳ ጩቤውን መዘዘ። ሎይታ ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"መልስ ጩቤህን! የለህም ተብለህ የለ? የሌለ ሰው ምኑን ይወጋል? ስሙኝ፤ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ማናችንም የለንም።"

ከዚያማ አለመኖር ተጀመረ። ካርታ ሠሪው ሰላም ሲል የሚመልስለት ጠፋ። መንገድ ሲጠይቅ ሰዉ ሁሉ ሰማዩን ያያል። በማግስቱ ውሃው አለቀ፤ ሳሌሕ እንደሆነ ከእነሱው ጋር እየጠጣ ነው የሚውለው። ሐሊማ የምትባል ሰሌን ሠሪ ስታልፍ አይቶ፣ አፉን እያሳየ ለመናት። ነፋስ የነካት ያህል እንኳ ዞር ሳትል አለፈች፤ አንጀቷ ግን አልቻለም።

"አባባ፣ ሰውዬው ይሞትብናል" አለች ሎይታን። "ውሃ መከልከል ነውር ነው።"

"ማን ከለከለው? ጉድጓዱ ያው! አንድ አገር ሙሉ ያገኘ ሰው አንድ ጉድጓድ ማግኘት ያቅተዋል?"

ፈለገ። በረጅሙ መነጽሩ አራቱንም ማዕዘን ቃኘ። በመጨረሻ ደከመውና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። ድንጋዩ የጉድጓዱ ክዳን ነበር፤ ፀሐይ ውሃውን እንዳትጠጣው ሁልጊዜ ይከደናል። እንግዲህ ጌታው ውሃ ላይ ተቀምጦ በውሃ ጥም ሊሞት ሆነ።

"ሳሌሕ!" አለ በደረቀ አፉ። "ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅልኝ!"

ሳሌሕ ተረጎመ። ሎይታ መጥተው ፊቱ ቆሙ።

"ሰዎቹ? የትኞቹ ሰዎች?"

ካርታ ሠሪው ያችን "ባዶ" የምትል ቃል ይዞ ከተመለሰ ንጉሡ ሊሾመው ቃል ገብቶለት ነበር። ያም ሆኖ ካርታውን ዘረጋና ቃሏን በብዕሩ ሰረዛት።

ሐሊማ ከድንጋዩ ላይ አስነሥታው ክዳኑን ገፋችውና ውሃ ቀዳችለት።

"ጠጣ" አሉ ሎይታ። "ግን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። እየጠጣህ ጻፍ። ይህ ጉድጓድ ስም አለው፤ የቆፈሩት የሐሊማ አያቶች ናቸው። ያ ኮረብታም ስም አለው። ያ ስንጥቅም።"

ሦስት ቀን ሙሉ ጻፈ። ሳሌሕ እያንዳንዱን ስም ጮክ ብሎ እያነበበ አረጋገጠላቸው። መንገዱ፣ ዋሻው፣ ግመል ያነከሰችበት ድንጋይ ሳይቀር ስም ነበረው። ቀለሙ ሲያልቅ በከሰል ቀጠሉ። ካርታው ጉንዳን የወረረው ቂጣ መሰለ፤ የባንዲራ ምልክት የሚገባበት የጣት ጫፍ የምታህል ነጭ ቦታ አልተረፈችም።

ሲሸኙት ሎይታ እንዲህ አሉት፦ "ለንጉሥህ ያየኸውን ንገረው። ሰው አለ፣ ጨውም አለ። ጨው የፈለገ ይምጣና ይግዛ። ባዶ ነገር ማየት ካማረው ግን የገዛ ጭንቅላቱን ካርታ ያሠራ።"

ወገኖቼ፣ ጠመንጃ የሚመጣው ወረቀት መንገዱን ከጠረገለት በኋላ ነው። የሰውን አገር ለመውሰድ የተነሣ ሁሉ መጀመሪያ ሰዉን ከጽሑፉ ያወጣዋል። ስለዚህ የምንጫችሁን፣ የኮረብታችሁንና የቆፋሪዎቹን ስም ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ጻፉትም። ሌላው ስለ እናንተ ሲጽፍ ደግሞ ፊቱ ቆማችሁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።

ለመሆኑ ዛሬ በእናንተ ሜዳ ላይ ብዕር ይዞ የተቀመጠው ማነው? የጻፈውንስ አይታችሁታል?