ወፍ ነኝ ወይስ እንጉዳይ?

ምላሱ ከመጥረቢያው የተሳለ አንድ እንጨት ፈላጭ ነበር አሉ። ታዲያ አንድ ቀን በሹመት ግብር ላይ ሆዱ እየጮኸ ተቀምጧል። በዚያ አገር ጌታው ሳይጀምሩ ማንም እጁን ወደ ማዕድ አይሰድም። አዲሱ ሹም ፊታውራሪ ጓንጉል ደግሞ ከእህል ይልቅ ስለራሳቸው ማውራት ይወዳሉ። ወጡ ቀዘቀዘ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ወሬው ግን ገና ነው።

በመጨረሻም፣ «እስቲ ንገሩኝ፤ የምመስለው የጫካዋን ዘማሪ ወፍ ነው ወይስ እንጉዳይ?» አሉ።

አንዱ አሽቃባጭ፣ «ወፏን» አለ።

«ልጅ በወንጭፍ የሚያባርራት? ሳይበላ አስወጡልኝ።»

ሌላው ፈርቶ፣ «እንጉዳይ» አለ።

«በአንድ ሌሊት የበቀለ ሥር የለሽ ማለትህ ነው? ይሄንንም አስወጡት። አንተስ፣ ፈላጩ?»

ፈላጩ ወጡን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ ሁለቱንም አይመስሉም። ወፏ ዘምራ ዘምራ ሲደክማት ወደ ጥሬዋ ትሄዳለች። እንጉዳይም ዝም ብሎ ሰው ያበላል እንጂ ጦም አያሳድርም።»

ፊታውራሪ «አስወጡት» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ጠቀም ያለ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሳቸው። ከዚያም ወደ ሰዉ ዞሮ፣

«በሉ እንግዲህ ብሉ፤ ጌታችን ጀምረዋል» አለ።