አያ ጅቦና የዕድሜ ልክ ዋስትና ያለው ዶማ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ደመናው ተራራው አናት ላይ ተሰብስቦ ሳለ፣ አያ ጅቦ ዶማ ሊገዛ ገበያ ወጣ።

ጅብና ዶማ ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ጅቦና ሚስቱ እመት ጅቢት የሚኖሩበት ዋሻ ከቁልቁለቱ በታች ነበር። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ከላይ ወርዶ ዋሻው ውስጥ ገባና ገና መሄድ ያልጀመሩ ልጆቻቸውን ወሰደባቸው። ዘንድሮ እመት ጅቢት እንደገና አርግዛለች፤ ቀኗም ተቃርቧል። ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ከዋሻው በላይ መቆፈር ነበረበት። መሬቱ ግን ድንጋያማ ነው። አያ ጅቦ በጥፍሩ ቢቧጥጠው ጥፍሩ ተሸራረፈ እንጂ አፈሩ ንቅንቅ አላለም።

«ዶማ ግዛ» አለችው ሚስቱ። «ለክረምት ያስቀመጥነውን ቋንጣ ይዘህ ሂድና ለውጥበት። ደግሞ መንገድ ላይ እንዳትበላው!»

«እኔ?» አለ አያ ጅቦ ቅር ብሎት።

መንገድ ላይ ትንሽ ብቻ በላ።

በገበያው የእጅ መሣሪያ የምትሸጠው እመት ቀበሮ ነበረች። ዶማውን፣ መጥረቢያውን፣ መዶሻውንና መጋዙን ከሾላው ዛፍ ሥር ደርድራ ትቀመጣለች። ብረቱን የሚቀጠቅጠው ወንዝ ማዶ የሚኖረው አያ ጃርት ነው። እሷ ደግሞ እጀታ ታስገባለታለች፣ ዓይን እንዲስብ ጮማ ቀብታ ታወለውለዋለች፣ ከዚያ ትሸጠዋለች።

አያ ጅቦ ሲደርስ አህያ አንድ ዶማ እያገላበጠች ስትጠይቅ አገኛት። እሱን ስታይ ደንብራ ከሾላው ግንድ ጀርባ ገባች። ጥያቄዋን ግን አላቋረጠችም።

«ብረቱ በራሱ ጉድለት ቢሰበርስ ማን ይተካልኛል?»

«የሠራው አያ ጃርት» አለች ቀበሮ፣ አህያ መልስ ሳታገኝ ንቅንቅ እንደማትል ስላወቀች እያዛጋች።

«እስከ መቼ?»

«ክረምቱ እስኪወጣ።»

«እጀታውስ?»

«እሱ የራስሽ ጣጣ ነው።»

«ቤት ከወሰድኩት በኋላ ሐሳቤን ብቀይርስ?»

«አፈር ካልነካው እስከሚቀጥለው ገበያ አምጪው፤ እቀበልሻለሁ። አሁን ትገዢያለሽ አትገዢም?»

አህያ ገዛችና ዶማዋን አቅፋ እዚያው ከግንዱ ጀርባ ቆመች፤ ጅቡ መንገዱን ይዞባታል።

አያ ጅቦ ይህን ሁሉ ሰምቷል። ምን እንደተባለ ግን አንዱም አልገባውም። «ክረምቱ እስኪወጣ» የሚለው ብቻ ጆሮው ውስጥ ቀርቶ፣ እሱም በጣም ትንሽ ሆኖ ታየው።

«ለእኔ ከእሷ የበለጠ ስጪኝ» አለ። «ብዙ ያለውን።»

እመት ቀበሮ ዓይኗን ቋንጣው ላይ እንደተከለች ፊቷ በራ። «ላንተማ የሚሆነው ይሄ ነው!» ብላ ከሁሉም ይልቅ የሚያብረቀርቀውን ዶማ አነሳች። «ጋራንቲ አለው።»

«ጋራንቲ? ይበላል እንዴ?»

«ዋስትና ማለት ነው አያ ጅቦ። እሱም እንደ አህያዋ የአንድ ክረምት አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ነው! ካልወደድከውም ትመልሰዋለህ። ገባህ?»

አልገባውም ነበር። ዋስትና ምን እንደሆነ፣ መመለስ ከዋስትና በምን እንደሚለይ፣ ቢጠይቅ ደስ ባለው። ግን አህያ ከግንዱ ጀርባ አንገቷን አስግጋ እያየችው ነው። አህያ የገባትን ነገር ጅብ «አልገባኝም» ይበል?

«ገባኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ። ቋንጣውን በሙሉ አስረከበ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ነፋሱ የዶማውን ሽታ ወደ አፍንጫው አመጣለት። እጀታው ጮማ ጮማ ይሸታል። አያ ጅቦ ቆም አለ። ግራና ቀኝ አየ። አንዴ ላሰው። ጣፈጠው። እንደገና ላሰው። ከዚያ ምራቁ እየተዝረበረበ ጥርሱን አሳረፈበት። ቤት ሲደርስ እጀታው መሐሉ ላይ ተቦጫጭቆ ነበር።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለች እመት ጅቢት።

«ስሪቱ ነው» አላት።

በማግስቱ ቁፋሮ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ሰመረለት፤ ድንጋዩ እየተነቀለ፣ አፈሩ እየተዛቀ ቦዩ መልክ ያዘ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ግን ዶማውን ከፍ አድርጎ ቢያሳርፈው ብረቱ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። እጀታውም ጥርስ ባረፈበት በኩል ተሰነጠቀ።

እመት ጅቢት ከዋሻው ደጃፍ ሆና አየችና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«አይዞሽ!» አለ አያ ጅቦ። «የዕድሜ ልክ ዋስትና አለኝ።» ስብርባሪውን ሰብስቦ ወደ ገበያው ሮጠ።

«ይሄ ተሰብሯል፤ መልሺልኝ» አላት ቀበሮን።

«የሚመለሰው አፈር ያልነካው ዶማ ነው» አለች እመት ቀበሮ በትሕትና።

«አፈር ካልነካው መሰበሩን በምን አውቃለሁ?»

«ካልተሰበረ ደግሞ ለምን ትመልሰዋለህ?»

አያ ጅቦ ስብርባሪውን አገላበጠ። የተባለው እውነት ይመስላል። ውሸትም ይመስላል።

«እሺ ዋስትናውስ? ዕድሜ ልክ ብለሽኛል።»

«ብያለሁ፤ አልካድኩም።»

«እኔ ደግሞ አልሞትኩም።»

«አንተማ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ! ዕድሜ ልክ ያልኩህ የዶማውን ዕድሜ ነው። ዶማው በሕይወት እስካለ ድረስ ዋስትናው የጸና ነበር። አሁን ግን...» የተሰበረውን ብረት አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር» አለ አያ ጅቦም ሳያስበው።

«ደግሞስ እጀታው ላይ ያለው የማን ጥርስ ነው? ማኘክ በዋስትናው ውስጥ የለም። ገባህ?»

አያ ጅቦ እጀታውን ከጀርባው ደበቀ። ጆሮው ጋለ። «ገባኝ» አለና ወጣ።

መንገድ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ግን እግሩ አልራመድ አለው። ያልተሰበረ ዶማ ዋስትና ምን ያደርግለታል? የተሰበረ ዶማ ደግሞ ሞቷል ተብሏል። ታዲያ ዋስትናው የሚሠራው መቼ ነው? ቀበሮን ሊጠይቅ ዞሮ ወደ ገበያው ጥቂት ሄደ። ጥርሱ ያረፈበትን እጀታ ሲያስታውስ አፈረና ወደ ቤቱ ዞረ። ተመልሶ እንደገና ወደ ገበያው ዞረ። እንዲህ ሲሽከረከር ቆይቶ ራሱን ይዞ መሐል መንገድ ላይ ቁጭ አለ። በላዩ ነጎድጓዱ አጉረመረመ።

«ምን አለችህ?» አለችው ሚስቱ ሲገባ።

«ዶማው በሕይወት ቢኖር ኖሮ... ማለቴ ካልተሰበረ ይመለሳል፤ ከተሰበረ ግን ሞቷል፤ ዋስትናው አብሮ...»

«አልገባኝም» አለች እመት ጅቢት። ምንም ሳታፍር ነው ያለችው። «አንተስ ገብቶሃል?»

አያ ጅቦ ሊዋሽ ነበር። የሆዷን ማበጥና ከደጅ የጠቆረውን ሰማይ አየ። «አልገባኝም» አለ። «ከመጀመሪያውም አልገባኝም። አህያዋ ስትጠይቅ ሰምቼ ነበር፤ እሱም አልገባኝም።»

«እንግዲያው ሄደህ አህያዋን ጠይቃት።»

አያ ጅቦ አህያን መስኩ ላይ ስትግጥ አገኛትና ወደ እሷ ሮጠ። አህያ ሲሮጥ አይታው ምን ትጠብቅ? ፈረጠጠች።

«ቁሚ! አልበላሽም! ልጠይቅሽ ነው!»

«ሁልጊዜም የምትሉት ይሄንኑ ነው!» አለች አህያ ሳትቆም።

«ስለ ዶማ ነው! ተሰበረብኝ!»

«ብረቱ ነው እጀታው?»

«ሁለቱም!»

«ጃርት ዘንድ ሂድ! ብረቱን የሠራው እሱ ነው! ዋሱም እሱ ነው!» ብላ ኮረብታውን ዘልቃ ጠፋች።

አያ ጅቦ ወንዙን ተሻገረ። ገና ሞልቶ ስላልነበር እስከ ሆዱ ብቻ ደረሰው። አያ ጃርት ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ እሾሁ ሁሉ ጥላሸት ለብሷል። ስብርባሪውን ተቀብሎ ብረቱ የተከፈለበትን ፊት ወደ ብርሃን አዞረ።

«ተመልከት» አለው። «ይሄ የሚያብረቀርቀው አሁን ድንጋይ ሲመታው የተሰበረ ነው። ይሄ ጥቁሩ ግን ያኔ ከእሳት ሲወጣ ጀምሮ ተሰንጥቆ የነበረ ነው። ሳላየው አልፌዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አያ ጅቦ ዘለለ። «እንግዲያው ሁሉንም ተካ! ብረቱንም፣ እጀታውንም፣ ቋንጣዬንም! ለእርግዝናውም አንድ ሙክት ጨምርበት!»

«እጀታውን ማን ነከሰው?» አለ ጃርት ረጋ ብሎ።

«ስሪቱ ነው» የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቀበሮ ናት ቢልም ማን ይመሰክርበታል? ግን በዋሸ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ እየተወሳሰበበት መጥቷል፤ ለአንድ ተጨማሪ ውሸት የሚሆን ቦታ ጭንቅላቱ ውስጥ አልቀረም።

«እኔ ነኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ጮማ ጮማ ሸተተኝ።»

አያ ጃርት እሾሁ እስኪንኳኳ ሳቀ። «ስለ እውነቱ አመሰግንሃለሁ። ብረቱን እተካልሃለሁ። እጀታውን ግን አልተካም፤ የበላኸው አንተ ነህ። ቋንጣውንም እኔ አልበላሁም።»

አያ ጅቦ «ገባኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወው።

«አልገባኝም» አለ። «እመት ቀበሮ አፈር የነካው አይመለስም ብላኛለች። አንተ ደግሞ እተካለሁ ትላለህ። ማን ነው ልክ?»

«ሁለታችንም። መመለስና ዋስትና የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መመለስ ማለት፣ ዕቃው ሳይነካ ሐሳብህን ቀይረህ ለሻጯ ትሰጣለህ፤ የሰጠሃትን ትሰጥሃለች። ዋስትና ማለት ደግሞ፣ ዕቃው ሥራ ላይ ሳለ በእኔ ጉድለት ቢበላሽ እኔ አስተካክልልሃለሁ። ለዚህማ አፈር መንካት አለበት፤ ካልሠራህበት ጉድለቴ በምን ይታወቃል?»

«ዕድሜ ልክ ያለችውስ? ዶማው ስለሞተ አበቃ አለችኝ።»

የጃርት ፊት ጠቆረ። «እኔ ለማንም የዕድሜ ልክ ቃል አልሰጠሁም። የእኔ ቃል ክረምቱ እስኪወጣ ነው። እሷ ግን ከቃሌ ላይ የሌለ ነገር ጨመረችበት፤ አንተ ስትቸገር ደግሞ ያለውንም ደበቀችህ። ከእንግዲህ ዕቃዬን ራሴ እሸጣለሁ።» እንዳለውም አደረገ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእመት ቀበሮ አንዲት ሚስማር እንኳ አልሰጣትም፤ የሾላው ጥላ ሥር ባዶዋን ቀረች።

«እንደገና ንገረኝ» አለ አያ ጅቦ።

ጃርት እንደገና ነገረው።

«አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ጃርት ብረት እያጋለ፣ በመዶሻው እየመታ፣ ደጋግሞ ነገረው። አዲሱ ብረት ውሃ ውስጥ ገብቶ ቸስ ሲል አያ ጅቦ ጆሮውን ቀና አደረገ።

«ስለዚህ ብረቱ በአንተ፣ እጀታው በእኔ፣ መመለስ በእሷ!»

«አሁን ገባህ» አለ ጃርት።

አያ ጅቦ ወይራ ቆርጦ እጀታ አበጀ። ጠርቦ ብረቱን ሲያስገባበት አንዴ እንኳ አልላሰውም። ከዚያ ያቋረጠውን ቦይ ቀጠለ። ሰማዩ ግን ሊጠብቀው አልቻለም። የመጨረሻው ቋጥኝ ገና ሳይነቀል ዝናቡ ወረደ፤ ከተራራው ላይ የጎርፉ ድምፅ መጣ። ከዋሻው ውስጥ እመት ጅቢት ምጥ ይዟት ስታቃስት ይሰማዋል። አያ ጅቦ ጭቃ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ቋጥኙን ደጋግሞ መታው። ዶማው ጮኸ፤ አልተሰበረም። ቋጥኙ ፈንቀል ብሎ ተንከባለለ። ቀዩ ጎርፍ ቁልቁል መጥቶ ቦዩ አፍ ላይ ለአፍታ ተከማቸ፤ ወደ ዋሻው ያደላ መሰለ፤ ከዚያ ቦዩን ሞልቶ እየተገማሸረ ወደ ጎን፣ ወደ ገደሉ ሄደ።

አያ ጅቦ ዶማውን ጥሎ ወደ ዋሻው ገባ። መሬቱ ደረቅ ነበር። እመት ጅቢት ጋደም ብላ ሁለት ጥቋቁር ልጆች ትልሳለች።

«ውሃው መጣ?» አለችው ቀና ሳትል።

«አለፈ» አላትና አጠገቧ ተኛ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕቃ ስንገዛ በተስፋው ትልቅነት ከመማረክ ይልቅ ዋስትናው ምኑን፣ እስከ መቼና በማን ኃላፊነት እንደሚሸፍን ጠይቀን መረዳት እንዳለብን፣ ያልገባንንም «አልገባኝም» ማለት «ገባኝ» ብሎ ከመጎዳት እንደሚሻል ነው።